የንግሥት ቤሩቲየል ድመቶች

በ1937፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በሴፕቴምበር 21 ቀን፣ በኦክስፎርድ ጥንታዊውን እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረው ጆን ሮናልድ ሩኤል ቶልኪን “ሆቢት” የተባለውን የልጆች መጽሐፍ አወጣ። በዚያም መጽሐፍ ቢልቦ የሚባል ሆቢት፣ ማለትም ቁመቱ ያጠረ፣ እግሩ ጠጉራም፣ ምግብ ወዳድ ፍጡር ከተራራ ሥር በጨለማ ዋሻ ውስጥ ጎለም ከሚባል ፍጡር ጋር በእንቆቅልሽ ይወራረዳል። ጎለም ከተሸነፈ ቀለበት ሊሰጠው ቃል ገብቶ ነበር፤ በተሸነፈም ጊዜ ቀለበቱን ቢፈልግ አጣው፤ ቢልቦ ቀድሞ አግኝቶ ኪሱ ከቶት ነበርና። ስለዚህ ጎለም ይቅርታ ጠይቆ በቀለበቱ ፈንታ የመውጫውን መንገድ አሳየው። ያን ጊዜ ቀለበቱ ሰውን ከመሰወር ያለፈ ነገር አልነበረውም። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ቶልኪን ተከታዩን መጽሐፍ ጀመረ፤ ቀለበቱም በእጁ ላይ አደገበት፤ ያዡን ባሪያ የሚያደርግ፣ ማንም በፈቃዱ የማይለቀው ክፉ ነገር ሆነ። እንዲህ ያለውን ቀለበት ጎለም ለመስጠት እንዴት ቃል ገባ? ቶልኪን በ1947 ምዕራፉን በሌላ መልክ ጽፎ ለአሳታሚው እንደ ናሙና ላከ። በ1950 የማረሚያው ወረቀት ሲመጣለት አዲሱ ምዕራፍ ገብቶ ቢያገኝ ተገረመ፤ ነገር ግን ተቀበለው፤ በ1951 በወጣውም እትም ጎለም ቢልቦን ሌባ ብሎ ይረግመዋል። ሌላ ደራሲ ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ በተቆረጠ ነበር። ቶልኪን ግን የፊተኛውን አልደመሰሰም። በ1954 በወጣው “የቀለበቶቹ ጌታ” መቅድም ላይ፣ የፊተኛው ታሪክ ቢልቦ ቀለበቱን በደንበኛ መንገድ ያገኘ ለመምሰል የፈጠረው ውሸት መሆኑን፣ ጠንቋዩ ጋንዳልፍም እንዳላመነው፣ ውሸቱ በዋናው መጽሐፍ ላይ እንደ ተጻፈ መቅረቱን፣ ብዙ ቅጂዎች ግን ከቢልቦ ወራሽ ከፍሮዶ ወይም ከአትክልተኛው ከሳም ማስታወሻ የተገኘውን እውነት እንደያዙ ተረከ። የደራሲው ስሕተት የምስክሩ ኃጢአት ሆነ።

ከዚህ ተነሥቼ የምለው እንዲህ ነው፦ አንባቢዎች ሰባ ዓመት ያህል ሲጠይቋቸው ኖረው መልስ ያጡላቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ የተላኩት ለማይገባው ሰው ነው። አንባቢ የሚጠይቀው ፈጣሪውን ነው። መጽሐፉ ግን ራሱን ያቀረበው ተጽፎ፣ ተገልብጦ፣ ተተርጕሞ እንደ ደረሰን ዜና መዋዕል ነው። ቢልቦ ጀመረው፤ ፍሮዶ ቀጠለው፤ የመጨረሻዎቹን ባዶ ገጾች ለአትክልተኛው ለሳም ትቶ ባሕር ተሻገረ። ከሳም ወደ ልጁ ወደ ኤላኖር ተላለፈ፤ ቀይ ቆዳ የለበሰ ስለ ነበረም ቀዩ መጽሐፍ ተባለ። ለጎንዶር ንጉሥ ለአራጎርን አንድ ቅጂ ተገለበጠለት፤ እርሱንም ሆቢቱ ፒፒን በእርጅናው ወደ ጎንዶር ይዞት ወረደ፤ በመናገሻው በሚናስ ቲሪት ሊቃውንቱ አረሙት፣ ጨመሩበትም። በአራተኛው ዘመን በ172ኛው ዓመት ፊንዴጊል የተባለ የንጉሥ ጸሐፊ፣ በእኛ የቀድሞ ማዕርግ ጸሐፌ ትእዛዝ የሚባለው፣ ከዚያ ላይ ገለበጠ፤ በሆቢቶቹ እጅ የነበረው የመጀመሪያው ግን ጠፋ። እንዲህ ባለ መጽሐፍ ፊት ተገቢው ጥያቄ “ነገሩ ምንድን ነው?” ሳይሆን “ይህን ማን አየ፣ ለማንስ ነገረ?” የሚለው ነው። የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ የጻፉትን ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴን፣ በዚያው ዘመን በቻይና ምን እንደ ሆነ ለምን አልነገሩንም ብሎ የሚወቅስ የለም።

ብዙ የተጠየቀበትን ቶም ቦምባዲልን እንመልከት። ሰማያዊ ኮት፣ ቢጫ ቦት ጫማ፣ አፉ ከዘፈን የማይለይ ሰው ነው። ዓለምን ያስጨነቀውን ቀለበት ከፍሮዶ ተቀብሎ በትንሿ ጣቱ ጫፍ አጠለቀው፤ አልተሰወረም፤ እየሳቀ መለሰለት። ማን ነው? አንዱ እግዚአብሔር ነው ይላል፣ ሌላው የምድር መንፈስ፣ ሌላው ራሱ ደራሲው። ከቶልኪን ልጆች አሻንጉሊት ስሙን እንዳገኘና በ1934 በአንድ የኦክስፎርድ መጽሔት በግጥም እንደ ወጣ እናውቃለን፤ ይህ ግን የስሙን መነሻ እንጂ ማንነቱን አይነግረንም። ምስክሮቹን ብንቈጥር አራት ሆቢቶች ናቸው፤ በቤቱ ያደሩት ሁለት ሌሊት ነው። በኤልፎች ጌታ በኤልሮንድ ጉባኤ ሲነሣም ኤልፎቹ አንድ ስም፣ ድንኮቹ ሌላ ስም፣ የሰሜን ሰዎችም ሌላ ስም እንዳወጡለት ይነገራል፤ የትውልድ ሐረጉን የሚቈጥርለት ግን አልተገኘም። መጽሐፉ የሚያውቀው ይህን ያህል ነው። ቶልኪንም በኤፕሪል 1954 ለደራሲዋ ለኔዮሚ ሚቺሰን ሲጽፍ፣ በተረት ዘመንም ቢሆን ያልተፈታ ነገር መኖር እንዳለበት፣ ቦምባዲልንም አስቦበት እንደዚያ እንደ ተወው ገልጾላታል።

በዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ደራሲው ለአንባቢዎቹ በደብዳቤ ይመልስ አልነበረምን? ይመልስ ነበር፤ በብዛትም። በ1956 በጻፈው ደብዳቤ ሙዚቀኛው ዜማውን፣ የዕፅዋት ሊቁ የዛፎቹን ትክክለኛ መልክ፣ ታሪክ አዋቂው የጎንዶርን አስተዳደር እንደሚፈልግ እያነሣ ከጥያቄው ብዛት የተነሣ ይደክመዋል። ነገር ግን ደብዳቤዎቹ ራሳቸው የሚመሰክሩት ለእኔ ነው። በ1954 አንድ የካቶሊክ መጻሕፍት መደብር ኃላፊ፣ ዛፍ ጠባቂው ትሪቢርድ የጨለማው ጌታ ትሮል የሚባሉትን ጭራቆች እንደ ፈጠረ መናገሩን ይዞ፣ ክፋት መፍጠር ይችላልን ብሎ ጠየቀው። ቶልኪን ረጅም መልስ አረቀቀ፤ በውስጡም ትሪቢርድ የታሪኩ ሰው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ ብዙ ቢያስታውስም የማያውቀው ብዙ ነው የሚል ሐሳብ አስገባ። ረቂቁን ግን አልላከውም፤ ራስን ከልክ በላይ ማክበር መስሎ ታየው። ፈጣሪ ነኝ ብሎ የመለሰባቸው ቦታዎች ደግሞ አልጸኑለትም። ወደ ምሥራቅ የሄዱት ሁለቱ ሰማያዊ ጠንቋዮች ሳይሳካላቸው እንደ ቀረ ሥጋቱን በ1958 ጻፈ፤ በዕድሜው መጨረሻ የጻፈውና ልጁ ክሪስቶፈር በ1996 ያሳተመው ማስታወሻ ግን የጠላትን ኃይል በምሥራቅ እንዳዳከሙ ይተርካል። የጠላት ወታደሮች የሆኑት የኦርኮች ነገር የባሰ ነው፦ በ1977 በወጣው “ሲልማሪሊዮን” የተበላሹ ኤልፎች ናቸው፤ በ1993 በወጡት ጽሑፎች ደግሞ አንድ ጊዜ ከሰው፣ አንድ ጊዜ ከእንስሳ የመጡ ይመስላሉ። ነፍስ አላቸው ወይ የሚለው ጥያቄ አስሮ ይዞት ሳይፈታው ሞተ። ስለዚህ የደራሲው ቃል አንድ ተጨማሪ ምስክር እንጂ ዳኛ ሊሆን አይችልም፤ ያውም ቃሉን የሚለዋውጥ ምስክር።

በተቃራኒው የድመቶቹን ነገር ተመልከት። ሞሪያ በሚባለው የተራራ ሥር ዋሻ ጨለማ ውስጥ አራጎርን ስለ ጋንዳልፍ ሲናገር፣ በዕውር ሌሊት ወደ ቤቱ መንገድ ለማግኘት ከንግሥት ቤሩቲየል ድመቶች ይበልጣል ብሎ ያልፋል። ሆቢቶቹ አልጠየቁትም፤ እርሱም አላብራራም። ቶልኪን በ1955 ለገጣሚው ለኦደን ሲጽፍ ስለ ድመቶቹ ምንም እንደማያውቅ አመነ። በኋላ ግን ታሪኩ መጣለት፤ በ1980 ከልጁ እጅ እንዳነበብነው ንግሥቲቱ የጎንዶር ንጉሥ የታራኖን ሚስት ነበረች፤ ዘጠኝ ጥቁርና አንድ ነጭ ድመት ነበሯት፤ ጥቁሮቹ የሰዉን ምሥጢር ይሰልሉላት ነበር፣ ነጩ ደግሞ ጥቁሮቹን ይሰልላል። ይህ መልስ ለምን አልፈረሰም? በእኔ ግምት በወሬ መልክ ስለ መጣ ነው፤ በጎንዶር ሲነገር የኖረ የቤተ መንግሥት ሐሜት ነው፤ ዓለም እንዴት እንደ ተሠራ የሚያስረዳ ትምህርት አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ፣ “ሲልማሪሊዮን” ዓለም ሲፈጠር የሚተርክ መጽሐፍ ስለሆነ በዚያ ምስክር ከየት ይመጣል የሚለው ነው። እርሱም ቢልቦ ከኤልፎች ቋንቋ እንደ ተረጐመው ሆኖ እንዲቀርብ ታስቦ ነበር፤ ክሪስቶፈር ግን በታሪኩ ዓለም ከየት እንደ መጣ የሚገልጽ ማዕቀፍ ሳያደርግለት አሳተመው፤ በ1983 ይህን ማድረጉ ስሕተት እንደ ነበረ ራሱ ጻፈ። ሦስተኛው ተቃውሞ ግን ያሸንፈኛል። ሆቢቶቹ ጫካ ውስጥ ተኝተው ሳሉ አንድ ቀበሮ በአጠገባቸው ሲያልፍ አይቶ በልቡ ይደነቃል። ተኝተው ነበር፤ ቀበሮውም ለማንም አልተናገረም፤ ታዲያ ቢልቦም ፍሮዶም ሳምም ይህን ሊጽፉ አይችሉም። ይህ ገና የልጆች መጽሐፍ ሊጽፍ ካሰበበት ጊዜ የቀረ ክር ነው፤ ቶልኪን አልመዘዘውም። በሞሪያ የተነሣው የእሳት ጭራቅ ባልሮግ ክንፍ አለው ወይስ የለውም የሚል ክርክርም አለ፤ እርሱ የአንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ጣጣ ነው እንጂ የታሪክ ጥያቄ አይደለም፤ አልቆምበትም።

የኤንቶቹ ሚስቶች ግን ይቆምባቸዋል። ኤንቶች የሚሄዱ ዛፎች የሚመስሉ የደን ጠባቂዎች ናቸው፤ ሚስቶቻቸው አትክልት ወድደው ተለይተው ሄዱ፤ በጦርነትም እርሻቸው ተቃጠለ፤ ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም። ቶልኪን ለሚቺሰን በጻፈው በዚያው የ1954 ደብዳቤ ለዘለዓለም ጠፍተዋል ብሎ እንደሚያስብ ጻፈ። መጽሐፉ ግን በመጀመሪያ ላይ፣ ኤንት የሚባል ስም ገና ሳይነሣ፣ በአንድ የሆቢቶች መጠጥ ቤት የተደረገ ክርክር መዝግቦአል። ሳም የአጎቱ ልጅ ሃል በሰሜን በኩል ዛፍ የሚያህል ነገር ሲራመድ አየ ይላል። የባለ ወፍጮው ልጅ ቴድ ሳንዲማን ይስቅበታል፤ ያየው የቆመ ዛፍ ነው ይለዋል። ሳም በዚያ አገር እንዲህ ያለ ዛፍ የለም ሲለው፣ እንግዲያስ አላየም ብሎ ይረታዋል፤ ቤቱም በሳቅ ይሞላል። ከዚያ ሁሉ ሳቂ መካከል በመጨረሻ ቀዩ መጽሐፍ እጁ ላይ የቀረው ሳም ነው።