ከባንዲራው ኋላ ሌላ አትሌት አልነበረም

በእኛ ቀዬ፣ ጥርባ ላይ፣ በረዶ ሲባል ሰው ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። ገብሱ ሊያሽት ሲል የሚወርደው ጠጠር፣ የከረመ ድካምን በሩብ ሰዓት መሬት ላይ የሚያነጥፈው እሱ ነው። እንደ ተነደፈ ጥጥ ምድር ሸፍኖ ወራት የሚከርመውን ሌላውን በረዶ ግን በቴሌቪዥን ካልሆነ አናውቀውም። ለዚህም ነው የካቲት 10 ቀን 1998 ዓ.ም. አንድ ኢትዮጵያዊ ጣሊያን ውስጥ፣ ፕራጄላቶ በተባለ ተራራማ ቦታ፣ በስኪ ለኦሎምፒክ መሰለፉ ለጆሮ እንግዳ የነበረው።

ሮቤል ተክለማርያም ይባላል። አዲስ አበባ ተወለደ፤ ዘመኑም 1967 ዓ.ም.፣ ወሩም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱበት መስከረም። እናቱ የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኛ ነበሩና በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። የክረምት ኦሎምፒክን ሁለት ጊዜ ባስተናገደችው ሌክ ፕላሲድ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ስኪ ተማረ፤ በኋላም ለኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ተወዳደረ።

ስኪ ሁለት ትልልቅ ቤት አለው። አንደኛው አልፓይን ነው፤ ተረከዝ ከስኪው ጋር ተቆልፎ በተተከሉ ዘንጎች መካከል እየተጠማዘዙ ቁልቁል መውረድ። በዚህ ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ የምትጠራበት ውጤት የላትም። ሴኔጋል በ1976 ዓ.ም. ሳራዬቮ ላይ ላሚን ጌዬን፣ ጋና በ2002 ዓ.ም. ቫንኩቨር ላይ ክዋሜ ንክሩማ አቺምፖንግን አሰልፈዋል። ጎረቤት ኤርትራም ካናዳ የተወለደውን ሻነን አበዳን ይዛ ቀርባ፣ በጃይንት ስላሎም በ2010 ዓ.ም. 61ኛ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ 39ኛ ወጥቷል።

የሮቤል ቤት ሁለተኛው ነው፣ አገር አቋራጭ። ስሙ እንኳ የእኛ ነው፤ ጃን ሜዳ ያሳደገው ስም። እዚህ የሚታሰረው የጫማው ጫፍ ብቻ ነው፤ ተረከዙ ነጻ ሆኖ ይነሣል፣ ይወርዳል። ፕራጄላቶ ላይ የተወዳደረበት ክላሲክ የሚባለው ስልት በበረዶው ላይ በተቦረቦሩ ሁለት ቦዮች ውስጥ የሚኬድበት ነው። ዳገት ላይ ወደ ኋላ እንዳያንሸራትት ከስኪው ሆድ፣ ከእግር ሥር፣ የሚይዝ ሰም ይቀባል። ሰሙ ከዕለቱ በረዶ ጋር ካልተስማማ ጉልበት ብቻውን አያወጣም። ሯጮቹ በየ30 ሰከንዱ አንድ በአንድ ስለሚለቀቁ፣ 15 ኪሎ ሜትሩን ሁሉም ከሰዓት ጋር ብቻውን ይታገለዋል።

ሮቤል 83ኛ ወጣ። ከአሸናፊው ኢስቶኒያዊ አንድሩስ ቬርፓሉ በ10 ደቂቃ ገደማ ዘገየ።

ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በረዶ ከሌለበት አገር የሚመጡ ተወዳዳሪዎችን የኦሎምፒክ ቱሪስት የሚሏቸው አሉ። ነገሩ የጎላው በ1980 ዓ.ም. ካልጋሪ ላይ ነው፤ እንግሊዛዊው ማይክል ኤድዋርድስ በስኪ ዝላይ መጨረሻ ወጥቶ የዓለም መነጋገሪያ ሆነ፣ መግቢያውም ከዚያ በኋላ ጠበበ። በ1990 ዓ.ም. ናጋኖ ላይ ደግሞ ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት መጣ። የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ነበር፤ የናይኪ ኩባንያ ወጪውን ችሎ ፊንላንድ ውስጥ አሠለጠነው። 92ኛና መጨረሻ ሲሆን፣ አሸናፊው ኖርዌያዊ ቢዮርን ዴህሊ መድረሻው ላይ ጠብቆ አቀፈው። ያ እቅፍ ልብ የሚነካ ነው። የሮቤልንም ታሪክ ከዚሁ ጎራ የሚደምሩት አሉ፤ ኢትዮጵያዊነቱንም ውጭ አገር ስላደገ የሚያሳንሱበት።

የእኔ ፍርድ ከሮቤል ጋር ነው። እሱን ኩባንያ ፈልጎ አላገኘውም፤ ከልጅነቱ የያዘውን ስፖርት ለትውልድ አገሩ ይዞ የመጣው ራሱ ነው። የስኪ ፌዴሬሽን በሌለበት አገር መጀመሪያ ፌዴሬሽኑ እንዲቆም ደከመ። ቦታውንም በዓለም አቀፍ ውድድሮች ነጥብ ሰብስቦ ነው ያገኘው። በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ባለ ጎማ ስኪ እየነዳ ተለማምዷል፤ መኪናና ከብት በሚጋፉበት መንገድ እንዲያ የሚለፋን ሰው ቱሪስት ማለት ግፍ ነው። በፕራጄላቶ ቦይትም ነበረ፤ ሮቤል ቀድሞት ገባ። ውጭ ማደጉን በተመለከተም፣ ባንዲራውን ማንም አላስገደደውም፤ መርጦ ነው የያዘው።

በየካቲት 2002 ዓ.ም. ቫንኩቨር ላይ በ15 ኪሎ ሜትር ነጻ ስልት 93ኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በሶቺ፣ በፒዮንግቻንግና በቤጂንግ በስኪ የተወዳደረ ኢትዮጵያዊ አልታየም። የሚያንገበግበኝ 83ኛነቱ አይደለም፣ 93ኛነቱም አይደለም። ተከታይ ማጣቱ ነው።

ተከታይ ያላጣ ነገር ለማየት ወደ አገር ቤት፣ ወደ እንጅባራ ልመለስ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የመሠረቱት አባቶች አልፈው እንኳ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ሜዳው በፈረስ ይሞላል። በዚያ ሜዳ ላይ እግሩ እርካብ ገና ያልደረሰለትን ልጁን ከፊቱ አስቀምጦ ልጓሙን በትንሹ እጅ የሚያስይዝ አባት አይጠፋም። የካቲት 3 ቀን 1998 ዓ.ም. ምሽት ግን፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ባሸነፈበት አገር፣ ቱሪን ስታዲየም ውስጥ የኢትዮጵያ ስም ሲጠራ ሮቤል ባንዲራውን ከፍ አድርጎ ገባ። ከኋላው ሌላ አትሌት አልነበረም።