የግንባታ ፈቃድና የአጎራባች የማወቅ መብት፦ ከሻሸመኔ አንጻር

የሐዋሳ፣ የባሌና የወላይታ መንገዶች በሚገናኙባት ሻሸመኔ፣ የጭቃ ቤት በነበረበት ይዞታ ላይ ፎቅ ሊሠራ ሲታሰብ ጎረቤት ነገሩን የሚሰማው ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ ሲታጠርና መሠረት ሲቆፈር ነው። ያኔ ግን ፈቃዱ ተሰጥቷል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ማሳወቁ ቀደም ብሎ፣ ከግንባታ ፈቃዱ በፊት የፕላን ስምምነት በሚጠየቅበት ደረጃ፣ መደረግ አለበት የሚል ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሥርዓቱን በዋናነት ያቆመው በአመልካቹ፣ በባለሙያውና ፈቃዱን በሚሰጠው የሕንፃ ሹም መካከል ነው። ግንባታው የሌላውን ሰውና ንብረት ደህንነት እንዳይጎዳ አዟል፤ በሹሙ ውሳኔ ላይም ይግባኝ ሰሚ ቦርድ አቋቁሟል። ሆኖም ውሳኔ መሰጠቱን ያልሰማ ጎረቤት በምን ላይ ይግባኝ ይላል?

የሚቀርለት መንገድ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 1225 ባለንብረቱ ከመልካም ጉርብትና ወሰን ባለፈ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት እንዳያደርስ ይከለክላል፤ አንቀጽ 1149 ደግሞ ሁከት ይወገድልኝ የሚለውን ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ ያስችላል። ሁለቱም ጠቃሚዎች ናቸው፤ ነገር ግን የሚነቁት ጉዳት ከተጀመረ በኋላ ነው። አጥር ጥግ የተቆፈረ ጉድጓድ የጎረቤትን የጭቃ ግድግዳ ከሰነጠቀ፣ አሸንዳውም ዝናቡን ወደ ጓሮው ከለቀቀ በኋላ፣ ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው በአንድ በኩል የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ በሌላ በኩል ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበትን ሕንፃ ነው። ሚዛኑ ከመነሻው ለጎረቤቱ አይመችም።

አስቀድሞ ማሳወቅ ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299ም የጥናት ሪፖርቱ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ትልቁ ፋብሪካ የተጣለበትን ግዴታ፣ በአጥር ለሚዋሰነው ፎቅ በልኩ አሳንሶ ማውረድ ይቻላል። ከአገራችን ውጭም፣ በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የጋራ ግድግዳ ሕግ ከጎረቤት ሕንፃ በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ ከዚያ ሕንፃ መሠረት ጠልቆ የሚቆፍር ሰው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል።

ማሳወቅ ግን ፈቃድ መለመን መሆን የለበትም። የጎረቤት ፊርማ ለፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ ከተደረገ የቆየ ቂም መወጫ፣ አለዚያም ገንዘብ መቀበያ ይሆናል። ጎረቤቱ የመሰማት መብት ይኑረው፤ የሕንፃ ሹሙ ለተቃውሞው በጽሑፍ ምላሽ ይስጥ፤ ውሳኔው የሹሙ ሆኖ ይቀጥል።

ከባዱ ጥያቄ ጎረቤት ማነው የሚለው ነው። በሻሸመኔው ጃማይካ ሰፈር አፄ ኃይለ ሥላሴ ለጥቁር ሕዝቦች ከሰጡት መሬት አብዛኛው በደርግ ዘመን ከተወረሰ ወዲህ፣ ለአሥርተ ዓመታት ያለ ካርታ የኖሩ ቤተሰቦች አሉ። ማስታወቂያው ለባለካርታ ብቻ ከሆነ እነሱንም ተከራዩንም ይዘልላል፤ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ግን አደጋው የሚደርሰው ቤቱ ውስጥ በሚኖረው ላይ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፎ በቦታው ይለጠፍ፤ በየአጎራባቹ ቤት ለሚኖር ሰውም በእጁ ይሰጠው፤ የፎቁን ብዛት፣ የቁፋሮውን ጥልቀት፣ መስኮቱ የሚዞርበትን አቅጣጫና የዝናብ ውኃው የሚወርድበትን ስፍራም ይግለጽ።