«ሰርቨርለስ» ሲሉን ሰርቨሩ የት ሄደ? ከሱሉልታ አንቴና እስከ ክላውድ በር

ቴሌግራም ላይ አንድ ቦት ከፍታችሁ ስትጀምሩ መልእክታችሁ ወደ አንድ የድረ ገጽ አድራሻ ይላካል። እዚያ አድራሻ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው የለም። ብዙ ጊዜ ለዚያ ቦት ተብሎ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ኮምፒውተርም የለም። ጥያቄው ሲደርስ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ትነቃለች፣ ሥራዋን ጨርሳ መልስ ትሰጣለች፣ ከዚያ ተመልሳ ትተኛለች። ባለሙያዎቹ ፕሮግራሟን «ፋንክሽን»፣ አሠራሩን «ሰርቨርለስ»፣ አድራሻውን ደግሞ «ኤንድፖይንት» ይሉታል። እኔ ለዛሬ «በር» ልበለው።

ጉዳዩ የኮምፒውተር ሰዎች ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። የበር ታሪክ በአገራችን የሥልጣን ታሪክ ነው። ይህንንም ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች የተሻለ የሚያሳይ ቦታ የለም።

እስቲ ዙሪያውን እንመልከት። ቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ አዲስ አበባን ለአስርት ዓመታት ውሃ ሲያጠጣ ኖሯል። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ የባቡር ሐዲድ የሚነሳው ከሰበታ ነው። ከጊቤ የሚመጣው ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመርም የሚያርፈው እዚያው ሰበታ ነው። ሱሉልታ ደግሞ የድምፅ በር ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1979፣ በደርግ ዘመን፣ የሳተላይት ምድር ጣቢያ ተተከለባት። ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ከሚገኙ ሳተላይቶች ጋር የሚነጋገሩ ግዙፍ አንቴናዎች ሜዳው ላይ ቆሙ። ከእንጦጦ ጀርባ ያለችው የከብትና የወተት አገር የኢትዮጵያና የዓለም መገናኛ ሆነች።

በሩ ሱሉልታ ላይ ቢቆምም ቁልፉ ግን እዚያ አልነበረም። ቴሌኮም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ አገራችን ከገባ ጀምሮ የመንግሥት እጅ ነው። በ1952 የንጉሠ ነገሥቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። በደርግ ጊዜ ባለሥልጣን፣ በኢሕአዴግ ጊዜ ኮርፖሬሽን፣ በ2010 ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ስሙ ተለዋወጠ፤ ቁልፍ ያዡ ግን አልተለወጠም። በ1997 ኢንተርኔት ለሕዝብ ሲቀርብም የገባው በዚሁ ቤት በኩል ነበር። ሁለተኛ ኦፕሬተር፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ፣ አገልግሎት የጀመረው በ2022 ነው።

አሁን ወደ ክላውዱ እንመለስ። ድሮ ድረ ገጽ ላይ አገልግሎት ለመክፈት ሰርቨር መግዛት ወይም መከራየት፣ ሌት ተቀን ማብራት፣ ሲበላሽ መጠገን ግድ ነበር። በኅዳር 2014 አማዞን «ላምዳ» የተባለውን አገልግሎት ይፋ አደረገ። ኮዱን ብቻ ስጡኝ፣ ማሽኑን እኔ አስተዳድራለሁ፣ የምትከፍሉትም ለሠራችሁበት ጊዜ ብቻ ነው አለ። ከውጭ በኢንተርኔት የሚንኳኳ በር ግን ገና አልነበረውም። በ2015 «ኤፒአይ ጌትዌይ» መጣ፤ ፋንክሽኗ የራሷ አድራሻ ያለው በር አገኘች። በዚያው ዓመት ቴሌግራም የቦት መሥሪያውን ለሁሉም ክፍት አደረገ። በ2022 ደግሞ ላምዳ ላይ በሩን ለመክፈት አንድ ምርጫ መንካት በቂ ሆነ። በወር የመጀመሪያው አንድ ሚሊዮን ጥሪ በነፃ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ። ቡራዩ ላይ ላፕቶፕ ያላት አንዲት ወጣት ከመላው ዓለም የሚንኳኳ በር በአንድ ከሰዓት በኋላ ልትከፍት ትችላለች። ሱሉልታ ላይ ያን ለማድረግ መንግሥት፣ ዓለም አቀፍ ስምምነትና ግዙፍ አንቴና አስፈልጎ ነበር።

በር መክፈት ግን ኃላፊነት አለው። ሰበታ ያለ አንድ እድር የወር መዋጮ የሚመዘግብ ቦት አሠራ እንበል። በሩ የአባላቱን ስም፣ ስልክና የከፈሉትን ገንዘብ ይቀበላል። ሠሪው ሲከፍተው የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ያንኳኳ?» የሚል ነው። «ማንም» የሚለውን መርጦ ከተወው አድራሻውን ያገኘ ሁሉ ይገባል። ስለዚህ ቴሌግራም ከእያንዳንዱ መልእክት ጋር አብሮ እንዲልክ የሚደረግ የምሥጢር ቃል አለ፤ ፋንክሽኗ ያን ሳታይ መልስ መስጠት የለባትም። ሁለተኛው ጥያቄ የሚገባው ነገር ነው፤ ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ሌላ ነገር ከመጣ መመለስ አለበት። ሦስተኛው ብዛቱ ነው፤ ገደብ ያልተበጀለት በር በአንድ ሌሊት ሚሊዮን ጊዜ ቢንኳኳ ሒሳቡ ባለቤቱ ላይ ይቆለላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2024 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰው መረጃ በግዴለሽነት መያዝ በሕግ ያስጠይቃል።

አሁን ወደ ርእሱ ጥያቄ ልምጣ። «ሰርቨርለስ» የሚለው ስም ያታልላል። ሰርቨሩ አልጠፋም፤ ሰው ቤት ነው ያለው። አማዞን በአፍሪካ የመጀመሪያውን የመረጃ ማዕከላት ቀጠና የከፈተው በ2020 ኬፕታውን ላይ ነው። ሠሪው ያን ካልመረጠ የእድሩ መዝገብ አየርላንድ ወይም ፍራንክፈርት ሊያድር ይችላል። ሒሳቡም የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ፣ በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። ያ ካርድ በስንቶቻችን እጅ ነው?

ሌላም አለ። በሰኔ 2020 መጨረሻ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። በየካቲት 2023 ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ታገዱ፤ የተለቀቁት ከአምስት ወር በኋላ ነው። በእነዚያ ቀናት ፍራንክፈርት ያለችው ፋንክሽን ምንም አልሆነችም፤ በሯም ክፍት ነበር። የተዘጋው መንገዱ ነው። የእድሩ አባል ሰበታ፣ መዝገቡ ጀርመን፣ መሃል ላይ ደግሞ አንድ ቁልፍ። በትግራይና በአማራ ክልል የደረሰውን ረጅም መቋረጥ ያየ ሰው ይህ የሰበታ ጭንቀት ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል።

እንግዲህ የዙሪያው ከተሞች ታሪክ የሚያስተምረን ይህን ነው፦ በሩ ደጃፍህ ላይ መቆሙና ቁልፉ እጅህ መግባቱ ለየቅል ናቸው። ገፈርሳ ቡራዩ ነበር፣ አንቴናው ሱሉልታ ነበር፣ ውሳኔው ግን ሌላ ቦታ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የአዲስ አበባና ዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ያን ያህል ቁጣ የቀሰቀሰው፣ በ2016 መጀመሪያም እስከ መሰረዝ የደረሰው፣ ነዋሪው በገዛ ደጃፉ ላይ ሳይጠየቅ ስለተወሰነ ነው። ዛሬ ሦስቱ ከተሞች በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። ነገ ግብር፣ መታወቂያ፣ የቤት ካርታ ሁሉ በእነዚህ የዲጂታል በሮች ማለፉ አይቀርም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ሁሉ ሁለተኛ በር ይኑረው። ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት መሥራት ከቻለ የወረዳ አገልግሎት የማይችልበት ምክንያት የለም። ሁለተኛ፣ የነዋሪው መረጃ የት አገር እንደሚያድር አስቀድሞ ይነገረው። ሦስተኛ፣ መንገዱን መዝጋት በስልክ ትእዛዝ የሚፈጸም ነገር መሆኑ ቀርቶ በሕግ የተወሰነ፣ ምክንያቱና የጊዜ ገደቡ በይፋ የሚነገር ይሁን።

ወጣቶቻችን በር መክፈት ተምረዋል። ቁልፉ ማን ጋር እንዳለ የመጠየቁ ሥራ ግን የሁላችንም ነው።