ስሙ ቢራ፣ ግብሩ ለስላሳ

እ.ኤ.አ. በ1876 አሜሪካ የነጻነቷን 100ኛ ዓመት በፊላደልፊያ ዐውደ ርእይ ስታከብር፣ የከተማዋ መድኃኒት ቀማሚ ቻርልስ ሃየርስ ከሥራሥርና ከቅርፊት ያሰናዳውን መጠጥ ለጎብኚ አቀረበ። «ሻይ» ሊለው አስቦ ነበር ይባላል። የፔንስልቬንያ ከሰል ቆፋሪ ሻይ ብለው ቢሰጡት ዞር ብሎ እንደማያየው ነግሮ «ቢራ» ያሰኘው ወዳጁ ራስል ኮንዌል ነው ይላሉ። ሩት ቢር፣ የሥር ቢራ መሆኑ ነው።

ያን ጊዜ ገበያ የወጣው ደረቅ ቅመሙ ነበር። በ25 የአሜሪካ ሳንቲም ገዝታ ያፈላችው እመቤት ስኳርና እርሾ ጨምራ 19 ሊትር ያህል ትጠምቅበታለች። ጌሾ ወቅጦ ጠላ ለጠነሰሰ ሰው ነገሩ ባዳ አይደለም፤ እርሾው ስኳሩን እየበላ ጋዙን ይሰጣል፣ እግረ መንገዱንም ጥቂት አልኮል። ጣጣ ያመጣችው ይቺው ጥቂት ናት። በ1895 የመጠጥ ተቃዋሚ ሴቶች ማኅበር አድማ መታበት። አድማው ያበቃው ከ3 ዓመት በኋላ፣ የአንድ ጠርሙስ አልኮል በግማሽ ዳቦ ውስጥ ካለው እንደማይበልጥ በምርመራ ሲረጋገጥ ነው።

ሥሩን ያጣው በ1960 ነው። የመዓዛው አውራ የነበረው የሳሳፍራስ ሥር ቅርፊት ሳፍሮል የተባለ ዘይት አለው፤ ዘይቱ በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ የጉበት ካንሰር በማምጣቱ የአሜሪካ መንግሥት ከምግብና ከመጠጥ አገደው። በ1980ዎቹ ደግሞ ስኳሩ በርካሹ የበቆሎ ሽሮፕ ተተካ። እንግዲህ ዛሬ «በተፈጥሯዊ ማጣፈጫ» የሚል ጽሑፍ የለጠፈ ጠርሙስ የመለሰው ስኳሩን እንጂ የሳሳፍራሱን ሥር አይደለም።

በአገዳ ስኳር ለሚጣፍጠው ሩት ቢር የአውስትራሊያው ቡንዳበርግ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስሙን የወሰደባት ከተማ የሸንኮራ አገዳ አገር ናት፤ መጠጡም በአገዳ ስኳር፣ በሞላሰስ፣ በዝንጅብልና በሊኮሪስ ሥር ይጠመቃል። ሞላሰሱ ጠለቅ ያለ ጣዕም ሲሰጠው፣ ዝንጅብሉ ጉሮሮ ላይ ይነካካል። የአሜሪካኖቹ ግን ዊንተርግሪን የተባለው ቅጠል ጣዕም ይበዛባቸዋል፤ ለጡንቻ ሕመም በሚታሸው ቅባት ውስጥ ያለው ሽታ ስለሆነ፣ ለማያውቀው ሰው ፋርማሲ የገባ ያህል ነው።

ከማጣፈጫዎቹ የአገዳ ስኳር ይሻላል፤ ከተዋጠ በኋላ ለቅመሙ ቦታ ይለቅለታል። ማር የራሱን ሽታ ይዞ ስለሚመጣ ሥራሥሩን ይጫነዋል፣ ስቴቪያ የተባለው የቅጠል ማጣፈጫ ደግሞ ምላስ ላይ መራራ ነገር ጥሎ ይሄዳል። ቅዝቃዜ ጣፋጭነትን ስለሚደብቅ፣ ሊመዝነው የፈለገ አንባቢ በረዶ ሳይጨምር፣ ጠርሙሱም ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ይቅመሰው።