ከአሉሚኒየም ከተማ የወጣው ስምንተኛው ሺህ

በ1926 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በካናዳዋ ኩቤክ፣ ሳግኔ በተባለው አካባቢ፣ 270 ቤቶች በ135 ቀን ተሠርተው አለቁ። ከተማዋ አርቪዳ ተባለች፤ ከተማዋን የሠራው የአሉሚኒየም ኩባንያ አለቃ ከነበረው ከአርተር ቫይኒንግ ዴቪስ ሦስት ስሞች ተቆርሶ የተሰፋ ስም ነው።

የአሉሚኒየም ማቅለጫ ገንዳ አንዴ ከተለኮሰ አይጠፋም። መብራት ለሰዓታት ከተቋረጠ ውስጡ ያለው ቅልጥ ይረጋል። ስለዚህ ፋብሪካው ሌሊት የለው፣ በዓል የለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአውሮፕላን መሥሪያ የሚሆነው አሉሚኒየም ከዚያ ይወጣ ስለነበር፣ በ1942 ባጎትቪል ላይ የአየር ኃይል ሰፈር ተከፈተ። አርቪዳ በ1975 ከጎረቤቷ ዦንኪዬር ጋር ተቀላቀለች፤ ከማቅለጫው ጩኸት በላይ የጄት ጩኸት ግን እንደቀጠለ ነበር።

በዚሁ ጩኸት መካከል፣ በ1982፣ አራት የዦንኪዬር ልጆች ቮይቮድ የተባለውን የሜታል ባንድ አቋቋሙ። ቤታቸው ፈረንሳይኛ፣ ዘፈናቸው እንግሊዝኛ። የአልበሞቹን ሽፋን የሚሥለው ከበሮ መቺው ሚሼል ላንዥቫን ነው፤ ባንዱ ስሙን ያገኘውም እሱ ከፈጠረው ገጸ ባሕርይ ነው። ጊታሪስቱ ደኒ ዳሙር ደግሞ ሌላው የሜታል ሰው የሚሸሸውን፣ እርስ በርሱ የሚጣላ ኮርድ ይወድ ነበር። ጆሮ «አሁንስ ይታረቃል» ብሎ ሲጠብቅ፣ ጠቡን ሳይፈታ ወደ ሌላ ጠብ ያልፋል። ኪንግ ክሪምሰን የተባለውን የሮክ ባንድ አጥብቆ የሰማ ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

በርሊን ገና በግንብ ተከፍላ ሳለች፣ በምዕራቡ ወገን ከፕሮዲዩሰር ሃሪስ ጆንስ ጋር የቀረጹት «ዳይሜንሽን ሃትሮስ» የተባለ አልበም በ1988 ወጣ። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ገጸ ባሕርዩ ቮይቮድ ቅንጣቶችን አጋጭቶ ጥቃቅን ዓለም ይፈጥራል፤ ገብቶም ሥልጣኔዎቹን ይቃኛል። ስምንተኛው ሺህ እዚህ በእሳትና በመለከት አይመጣም፤ ከቤተ ሙከራ ነው የሚወጣው። የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ ከፈነዳ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር።

በዓመቱ የመጣው «ነቲንግፌስ»፣ የፒንክ ፍሎይድን ዘፈን በራሱ መንገድ የተጫወተው፣ ወደ ቢልቦርድ ሰንጠረዥ ገባና ዝናውን ጠቅልሎ ወሰደ። ያለ አግባብ ነው። «ነቲንግፌስ» የተጣራ ነው፤ «ሃትሮስ» ግን የፋብሪካው ጥላሸት አሁንም አልለቀቀውም፣ ፍርሃቱም ያለው እዚያ ጥላሸት ላይ ነው።

ዳሙር በ2005 በካንሰር ሞተ። ኮምፒውተሩ ላይ ትቶት የሄደው የጊታር ቅጂ ለሁለት ተጨማሪ አልበሞች በቃ። «ሃትሮስን» ለመስማት የሚነሣ ሰው ከሁለተኛው ዘፈን፣ ከ«ትራይባል ኮንቪክሽንስ» ይጀምር፤ የመጀመሪያው እንግዳ አይቀበልም።