ከቁራኛ እስከ ክሬዲት ካርድ

«ቁራኛ» የሚለውን ቃል ዛሬ ለበሽታም፣ ለሐሳብም፣ አልላቀቅ ላለ ሰውም እናውለዋለን። በድሮው ዳኝነታችን ግን ቁራኛ ማለት ሰው ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ባለዕዳ፣ በልብሳቸው ጫፍ፣ ሲብስም በሰንሰለት ተቆራኝተው ጉዳያቸው እስኪለይ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። አገራችንን ያዩ የውጭ ተጓዦች ተገርመው ጽፈውታል። እኛን የሚገርመን ግን ሌላ ነው፤ አበዳሪውም እኮ ታስሯል! ገንዘቡን እስኪያገኝ ሥራውን ጥሎ ከባለዕዳው ጋር ይጎተታል።

እንግሊዞች ባለዕዳውን ለብቻው ነበር የሚያስሩት። የደራሲው የቻርልስ ዲክንስ አባት እ.ኤ.አ. በ1824 ለንደን ማርሻልሲ እስር ቤት የገባው ለአንድ ዳቦ ጋጋሪ 40 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ስላልከፈለ ነው። ቻርልስ በዚያው ሰሞን፣ ገና በ12 ዓመቱ፣ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ገብቶ ይሠራ ነበር። ለመሆኑ የታሰረ ሰው ከየት አምጥቶ ይከፍላል? በዕዳ መታሰር፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ በእንግሊዝ አገር የቀረው እ.ኤ.አ. በ1869 በወጣው ሕግ ነው።

እንግዲህ ሰውነቱ ከተለቀቀ ሕጉ ምኑን ይያዝ? አገሮች የተለያዩት እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ሕግ አበዳሪው የብድሩን ዋጋ በግልጽ እንዲናገር አስገደዱ። የወለድ ጣሪያውን ለየስቴቱ ተዉት። እ.ኤ.አ. በ1978 ግን አንድ ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። የኔብራስካ ባንክ ሚኒሶታ ለሚኖር ሰው ካርድ ይሰጣል፤ ኔብራስካ 18 ከመቶ ስትፈቅድ ሚኒሶታ የምትፈቅደው 12 ነው። ፍርድ ቤቱ፣ የሚሠራው ባንኩ የሚገኝበት ስቴት ሕግ ነው አለ። ሳውዝ ዳኮታ ወዲያው ጣሪያዋን አነሣች፤ ሲቲባንክም የካርድ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1981 ወደዚያ አዛወረ። ጣሪያ የጠላ ባንክ ጣሪያ የሌለው ቤት ፈልጎ ገባ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ያው የአሜሪካ ምክር ቤት ለወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው በ36 ከመቶ ጣሪያ ሠራ። ወታደሩን የሚጎዳ ወለድ አስታማሚዋን ነርስ እንዴት እንደሚስማማት አልገባንም።

ፈረንሳዮች መንገራቸውን አልተዉም፤ ጣሪያም አላቸው። ባንኮች በአማካይ በሚያስከፍሉት ወለድ ላይ ሲሶውን ጨምሮ የሚያስከፍል አራጣ አበዳሪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ዕዳ ለበዛበት ቤተሰብ ኮሚሲዮን አቆሙ፤ አበዳሪዎቹን ያደራድራል፣ ክፍያውን ያራዝማል። ችግር የለበትም አንልም። እ.ኤ.አ. በ2022 የገበያው ወለድ ሲሮጥ ጣሪያው ወደ ኋላ ቀርቶ፣ መክፈል የሚችሉ ቤት ገዢዎች ሳይቀሩ ብድር ተከለከሉ።

ሰፊ ትምህርት ያገኘነው ግን ከጃፓን ነው። «ሳራኪን» የሚባሉ ድርጅቶች ለደመወዝተኛው ያለ ዋስ ያበድሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ሁለት ሕጎች ወጥተዋል። አንደኛው ወለድ እንደ ብድሩ መጠን ከ15 እስከ 20 ከመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ ያለፈውን ግን አይቀጣም። ቅጣት ያለው ሁለተኛው ሲሆን የሚጀምረው ከ109.5 ከመቶ ነው፤ በቀን 0.3 ከመቶ መሆኑ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፊ ሜዳ ጃፓኖች «ግራጫው ቀጠና» ይሉታል። የቅጣቱ ጣሪያ ደረጃ በደረጃ ወርዶ እ.ኤ.አ. በ2000 29.2 ቢደርስም ሜዳው አልተዘጋም። አንዳንድ አበዳሪዎች በተበዳሪው ሕይወት ላይ ኢንሹራንስ ይገቡ ነበር፤ ሰውዬው ራሱን ቢያጠፋ ዕዳው ይከፈላል! ይህ በይፋ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «በፈቃዱ ከፍሏል» የሚለውን የአበዳሪዎች መከላከያ አፈረሰው፤ ምክር ቤቱም አዲስ ሕግ አወጣ። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2010 ጀምሮ ጣሪያው 20 ሆነ፤ ከእነዚህ ድርጅቶች የሚወሰድ ብድርም ተደማምሮ ከተበዳሪው የዓመት ገቢ ሲሶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከታላላቆቹ አንዱ የነበረው ታኬፉጂ በመስከረም ኪሣራ ጠየቀ፤ ያላግባብ የወሰደውን ወለድ መልስ ተብሎ ነበርና።

በእኛ አስተያየት ከሁሉም የሚሻለው ይህ የሲሶው ደንብ ነው፤ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የሰውየውንም ትከሻ ይመዝናልና። ሙሉ ነው ግን አይባልም፤ ባንኮች ከደንቡ ውጭ ስለሆኑ ቆየት ብሎ የካርድ ብድር በእነሱ በኩል አበጠ። ደንቡ የሚሠራውም እያንዳንዱ ብድር በጋራ መዝገብ ስለሚጻፍ ነው።

ታዲያ የእኛስ? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተበዳዳሪዎች ከ12 ከመቶ በላይ ወለድ እንዳይስማሙ ይከለክላል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አራጣን ይቀጣል። ጣሪያ አለን ማለት ነው። ዳሩ ግን አራጣ አበዳሪ ወለዱን በወረቀት ላይ አያሰፍርም። 50 ሺህ ብር ቆጥሮ ይሰጥና 80 ሺህ ተበደርኩ ብለህ ፈርም ይላል። ዳኛው ፊት የሚቀርበው ያ ወረቀት ነው፤ 80 ሺህ፣ ወለድ የለም፣ ፊርማም አለበት።