ዘንገና፦ የእሳተ ገሞራ አሻራ በአዊ ምድር

ዘንገና ሐይቅ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በእንጅባራ ከተማ አቅራቢያ ይገኛል። ጥልቀቱ 166 ሜትር እንደሚደርስ ይነገራል።

ሐይቁን የፈጠረው የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ነው። ከምድር ውስጥ የወጣው ቅልጥ ዓለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ ውኃው በቅጽበት ወደ እንፋሎትነት ይለወጣል፤ የታመቀው እንፋሎትም ዓለቱን ሰባብሮ ይበትነዋል። የቀረው ጎድጓዳ ስፍራ ውኃ ሲሞላው ክብ ሐይቅ ይሆናል። በዞኑ የሚገኘው ጥርባ ሐይቅም አፈጣጠሩ ተመሳሳይ ነው።

በአፋር ክልል ዶፈን ተራራ አካባቢ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. እንፋሎትና ጭቃ ከምድር ሲወጣ ታይቷል። ዘንገና ግን ጸጥ ያለ ነው፤ የሚያሰጋው ፍንዳታ ሳይሆን የዙሪያው ደን መመናመን ነው። ከገደላማው ጠርዝ በጎርፍ ታጥቦ የሚወርድ አፈር ማረፊያው የሐይቁ ወለል ነውና፣ ሐይቁን መጠበቅ የሚጀምረው ጠርዙን ከመጠበቅ ነው።